ሰብውፈሬና የእትዬ ስንዱ ወገብ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ለሚኒባሴ ሰብውፈር፣ ያንን ቤዝ የሚደልቅ ድምፅ ማጉያ፣ ልገዛ ዳንግላ አንድ ሱቅ ገባሁ። የምሠራው ከዳንግላ እንጅባራ ነው። እዚሁ መስመር ላይ አንድ ሹፌር ቤዝ አስገጥሞ ተማሪ የተባለውን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደብኝ። አልዋሽም፣ ቅናት ሊገድለኝ ነበር።

ባለሱቁ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ጠፍጣፋ፣ ከወንበር ሥር የሚገባ። ሌላው አሥራ ሁለት ኢንች፣ ትልቅ ሳጥን ያለው።

«ለሚኒባስ ትንሹ ይበቃሃል። ድምፁም ጥርት ያለ ነው» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ጥርት ያለውን ምን ላደርገው? እኔ መስታወቱ እንዲንቀጠቀጥ ነው የምፈልገው!»

«እሺ... የት ልታስቀምጠው ነው?»

እሱን አላሰብኩበትም። ኋላው የድንች ጆንያ ቦታ ነው። በመጨረሻ በሩ አጠገብ መተላለፊያው ላይ ጥፍር አድርገን አሰርነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ስለዚህ የበገና መዝሙር ከፈትኩ። ወገኖቼ... በገና በአሥራ ሁለት ኢንች! ወንበሩ፣ መሪው፣ ጥርሴ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ እትዬ ስንዱ የሚባሉ እናት ወገባቸውን ይዘው ገቡ። ወንበር የለም። ሳጥኑ በርጩማ መስሏቸው ዘፍ አሉበት።

«ኧረ እናቴ፣ እሱ ላይ አይቀመጡ!» ብዬ ጮኽኩ።

እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ደግሞ ደንግጬ መኪናውን ዳር አስያዝኩ።

«ምን ሆኑ እናቴ?»

«አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ንዳ። ወገቤን እያሸኝ ነው።»

መንገድ ላይ ወንበር ሲለቀቅ «ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብንላቸው እምቢ። እንጅባራ ስንደርስም አልወርድም አሉ። «ገበያው ይቅር፣ መልሰኝ» ብለው እዚያው ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጡ ተመለሱ።

ማክሰኞ አዲስ ቅዳም ላይ ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ቆመው ጠበቁኝ። በአዊኛ ተመካከሩና ወረፋ አወጡ፤ ለአንድ ሰው አንድ መዝሙር። እንጅባራ ልንደርስ ስንል ጭቅጭቁ ተጀመረ።

«መዝሙርሽ አልቋል፣ ተነሽ!»

«ቆዪ እንጂ፣ ገና አልለቀቀኝም!»

ሐሙስ ዕለት የናፈቅኳቸው ተማሪዎች መጡልኝ! ስድስት ሆነው ከዳንግላ ተሳፈሩ፣ አንዱም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። «ሹፌር፣ በናትህ ልቀቀው!» ሲሉኝ ጾሙን ረስቼ ዘፈን ለቀቅኩ። መኪናው ሲደልቅ ደስታዬን አልችለው አልኩ።

ደስታዬ አዲስ ቅዳም ላይ አለቀ። እትዬ ስንዱ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ ያለውን ልጅ አዩት።

«አንተ በዚህ ዕድሜህ ምንህን አሞህ ነው? ተነስ!»

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ።

«አታፍርም? በጾም ዘፈን! ደግሞ ይሄ ወገብ ጋ አይደርስም። በገናውን መልስ!»

መለስኩ። ምን ላድርግ? ተማሪዎቹ እስከ እንጅባራ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ዓይኔ እያየ እዚያ ቤዝ ያስገጠመው ሹፌር መኪና ውስጥ ገቡ።

አሁን መኪናዬ ጠዋትና ማታ ጢም ብሎ ይሞላል። ከስልሳ ዓመት በታች ያለነው እኔና ረዳቴ ብቻ ነን።

ዛሬ ጫግኒ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ለመኪናዬ ሰብውፈር ልገዛ ነበር፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ።

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አልኩት።