ፎቶ ማጉያ የመረጥን ሰሞን

ዓረብ አገር፣ መላዝ በሚባል ሰፈር እሠራበት የነበረው ፎቶ ቤት ደንበኞች ፊልም ይዘው መምጣት አቁመው ነበር። የሚያመጡልን በትንንሽ ዲጂታል ካሜራ የተነሡ ፎቶዎች ነበሩ። ኮምፒውተር ላይ ያማረው ፎቶ በትልቁ ሲታተም ይበተናል፤ ፊቱ ሁሉ የሸክላ ንጣፍ ይመስላል። ደንበኛው ታዲያ የሚቆጣው እኛን ነው። በፊልም ጊዜ እንዲህ አልነበረም። አገር ቤት፣ ፊልም በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሳድግ፣ ኔጋቲቩን ባጎላሁት ቁጥር ያላየሁት ነገር ብቅ ይልልኝ ነበር፦ የአንገት ሐብል፣ ከበሩ ኋላ የቆመ ሰው። ዲጂታሉ ግን ከያዘው በላይ የለውም። ብትለምነውም አይሰጥህም።

ሥራ አስኪያጃችንን ሙዲር ነበር የምንለው። ከሌላ የዓረብ አገር የመጣ፣ ልብሱ የማይጨማደድ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ፓስፖርቴን የያዘው ከፊሌ፣ ማለትም ያስመጣኝ አሠሪ፣ የሚሰማው እሱን ብቻ ስለነበር፣ መጮህ አያስፈልገውም ነበር።

አንድ ሀብታም ቤተሰብ ግድግዳ የሚሸፍን የልጆቹን ፎቶ ሊያሠራ ፈለገና፣ ሙዲሩ ከኮምፒውተር ገበያ ሦስት ሲዲ ይዞ መጣ። ሦስቱም ፎቶ ሳይበላሽ እናጎላለን የሚሉ ፕሮግራሞች ነበሩ።

«እንሞክራቸውና አንዱን እንመርጣለን» አለኝ። «መሞከሪያ የሚሆን መጥፎ ፎቶ ፈልግ። በጣም ትንሽ፣ በጣም ደብዛዛ።»

ያ ፎቶ በማግስቱ በራሱ እግር መጣ።

ያመጣችው የአገሬ ልጅ ናት፤ እዚያው መላዝ አንድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ። እመቤቷ ፍሬም ስትመርጥ እሷ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለችና «ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ አይደል?» አለችኝ። ከአባያዋ ውስጥ አንድ ዲስኬት አወጣች። ወንድሟ በኢሜይል የላከውን ፎቶ የቤቱ ሾፌር አውርዶ የሰጣት ነው።

ከፈትኩት። የሠርግ ፎቶ ነው፤ አጃቢው ሁሉ ተደርድሯል። ዳር ላይ፣ ከአንዲት ሴት ቀሚስ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። ፊቷ ከምስር ፍሬ አይበልጥም።

«እሷን ብቻ ትልቅ አድርግልኝ። ልጄ ናት።»

«ስንት ዓመቷ ነው፣ እህቴ?»

«አራት ሊሞላት ነበር።»

ቀና ብዬ አየኋት። አላለቀሰችም።

«ጡት ሳትጥል ነው ትቻት የመጣሁት» አለችኝ። «ታመመች ብለው ደወሉ፤ መልሰው ሲደውሉ ተቀብራ ነበር። ሌላ ፎቶ የላትም። ካደገች በኋላ መልኳን አላውቀውም፤ አንድ ጊዜ በደንብ ልየው።»

«ያላ!» አለች እመቤቷ ከበሩ። ተከትላት ወጣች።

ሙዲሩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ይኸውልህ፣ ከዚህ የባሰ ፎቶ አታገኝም» አለና ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ቀኑን ሙሉ የልጅቷን ፊት ስንዘረጋ ዋልን። የመጀመሪያው ፕሮግራም ዳር ዳሩን እንደ መሰላል ሸረካከተው። ሁለተኛው አለሰለሰው፤ በእንፋሎት የተሸፈነ መስታወት ጀርባ የቆመች መሰለች፤ ግን ልጅ ነበረች። ሦስተኛው ደብዛዛውን ሁሉ መስመር አድርጎ አሰመረው። ቅንድቧ የተኳለ መሰለ፤ ቆዳዋ እንደ ሻማ አበራ፤ ጉንጯ ላይ የነበረው ትንሽ ጥላ ከጆሮዋ እስከ ከንፈሯ የወረደ ጠባሳ ሆነ።

«ይሄ!» አለ ሙዲሩ። «ከሩቅ እየው እንዴት እንደጠራ።»

«ጠባሳው ግን የለም፤ ፕሮግራሙ ነው የፈጠረው» አልኩት።

«ደንበኛ ጥራት እንጂ እውነት አይገዛም።»

ሦስተኛውን መረጠ። ቀጥሎ ፊቷን መሃል ለመሃል ከፍሎ ግራውን ከነመበታተኑ፣ ቀኙን በፕሮግራሙ አጉልቶ በትልቅ ወረቀት አተመው። ከላዩ «በፊት» እና «በኋላ» ብሎ ጻፈበት። ከባንኮኒው ጀርባ ሲሰቅለው፣ እናትየው ብታየውስ አልኩት።

«የሌላ ደንበኛ ልጅ ብሰቅል ይከሰኛል» አለኝ። «ለዚህች ማን ይጠይቃል?»

እናትየው በሌላ ሳምንት ከእመቤቷ ጋር ተመለሰች። ገና ከበሩ አየቻት። እኔ ለእሷ ለብቻው ያተምኩትን ለስላሳውን ፎቶ ከፖስታው ሳወጣ፣ ዓይኗ ከግድግዳው አልተነሣም። መጥታ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ማን መታት?» አለችኝ።

«ማንም አልመታትም፣ እህቴ። ማሽኑ ነው። ይኸው፣ ይሄኛውን እዪው፤ ምንም የላትም።»

ሁለቱን አስተያየች። አንዴ እጄ ላይ ያለውን፣ አንዴ ግድግዳውን።

«የትኛው ነው እውነቱ?»

«ይሄ ለስላሳው።»

«በምን አወቅህ? አንተም አታውቃት፣ እኔም አላውቃት። በሕመም ነው የሞተችው ያሉኝ። ምን ደብቀውኝ ነው?»

እመቤቷ ግን ግድግዳውን አይታ ፈገግ አለች። «ማሻአላህ! እንዴት ጥርት ብሏል!» ብላ የልጆቿን ፎቶዎች በዚያው ፕሮግራም እንዲሠሩላት አዘዘች። ሙዲሩ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑን ጠቀሰኝ። ያን ጊዜ ነው እናትየው ማልቀስ የጀመረችው።

«ኸላስ፣ ይበቃል» አለቻት እመቤቷ፣ ስልኳን እየጎረጎረች። «ገና ወጣት ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ።»

እናትየው ለስላሳውን ፎቶ መልሳ ገፋችልኝ። «መልሰህ አሳንሳት» አለችኝ በአማርኛ። «እንደነበረች አድርግልኝ። ትንሽ ሆና ጤነኛ ነበረች።»

ለዙህር ሶላት ሱቁ ሲዘጋና ሙዲሩ መስጊድ ሲሄድ፣ የተሰቀለውን አውርጄ ቀደድኩት። ተመልሶ ባዶውን ግድግዳ አየ። ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጦ ከበፊቱ አስበልጦ አተማት፤ ከዚያ መሰላሉን አምጣ አለኝ። እሱ ሲሰቅል እኔ መሰላሉን ያዝኩ። ወርዶ እጁን እያራገፈ «ፋይሉንም ብታጠፋ ቤቴ አለኝ» አለ። «ደግመህ ከነካሃት የምታስረዳው ለከፊልህ ነው።»

እመቤቷ የልጆቿን ፎቶ ልትወስድ ስትመጣ ብቻዋን ነበረች። ያሳነስኩትን ፎቶ አቀበልኳትና፣ እባክሽ ለእሷ ስጪልኝ አልኳት።

«መለስናት» አለችኝ። «ለቅሶ አበዛች፤ ልጆቹ ፈሯት። ቢሮው ሌላ ቀይሮ ሰጠን።» ፎቶውን ባንኮኒው ላይ ትታ የራሷን ጥቅል አቅፋ ወጣች። በሥራው በጣም ተደስታ ነበር።

ሠራተኛ የሚያስመጣውን ቢሮ ከሾፌሯ ጠይቄ በዕረፍቴ ሄድኩ። ስሟን አልጠየቅኳትም ነበርና፣ በመላዝ ከእገሌ ቤት የተመለሰች ሐበሻ ብዬ ለዘበኛው ነገርኩት።

«ሐበሻ ብዙ ነው። መልኳ እንዴት ነው?»

የያዝኩት የልጅቷን ፎቶ ብቻ ነው። ምናልባት ይመሳሰሉ ይሆናል ብዬ አሳየሁት። ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና ሳቀ።

«ይቺ ሕፃን ናት፣ ሰውዬ። ሕፃን አናስመጣም» ብሎ መለሰልኝና በሩን ዘጋው።