የባሌ ወንድም ያልነዳት መኪና

ባሌ ያቺን መኪና ሲገዛ አላማከረኝም። በበርበራ ወደብ የገባች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረች። ሀርጌሳ ውስጥ ማሕሙድ ሃይቤ የሚባለው ሰፈራችን መንገዱ ድንጋይና ቦይ ነው፤ ባጃጆች እንኳ እየተንገዳገዱ ነው የሚያልፉበት። እሱ ግን ግቢ አስገብቷት አቧራዋን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ቆንጆ አይደለችም?" አለኝ። ቆንጆስ ቆንጆ ነበረች።

ታላቅ ወንድሙ መካኒክ ነው። ሊያያት መጥቶ ዙሪያዋን ዞረና፣ "ይቺ ለአስፋልት የተሠራች ናት። ሀርጌሳ ምን ልትሠራ መጣች?" አለ። ቀልዱን ይሁን የምሩን አልለየሁም። ባሌ ግን ከፋው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲገናኙ በሶማልኛ ደህና ነህ ተባብለው ዝም የሚሉ ሆኑ።

ሦስታችንም ያደግነው ድሬዳዋ ነው። አባታቸው እዚያ ጋራዥ ነበራቸው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚውሉት እዚያው ነበር። ታናሹ ተምሮ ቢሮ ገባ፤ አሁን ዕቃ አስመጪዎች ጋ ይሠራል። ታላቁ የአባቱን ሙያ ያዘ፤ ቤተሰቡ ወደ ሀርጌሳ ሲመለስም መፍቻዎቹን በሙሉ ጠቅልሎ መጣ።

አንድ ቀን ከሰዓት ባሌ እዚሁ ሀርጌሳ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ካለችው የልብስ ስፌት ቤቴ ሊወስደኝ መጣ። ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ወጣን። ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ቋ ሲል ሰማሁ፤ ወዲያው ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ጮኸ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪው ቀይ መብራት በራ። ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍት ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ባንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። ዲናሞውን ከሞተሩ ጋር አጣብቆ የሚይዘው የአሉሚኒየም መያዣ ለሁለት ተሰብሮ ነበር።

"ወንድምህ ጋ ውሰዳት" አልኩት።

"አልወስዳትም። ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።"

ሌላ ጋራዥ ወሰዳትና በየዱለት። ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ብየዳው ጥግ ተሰነጠቀ። መያዣው ሲሰበር ትንሽ ተጣሞ ነበር፣ ከነጥመቱ ስለተበየደ ቺንጋው እየሳበ ሰበረው ብሎ ያስረዳኝ ራሱ ባሌ ነው፤ ለነገሩ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። አዲስ መያዣ ቢያፈላልግ አጣ። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢያችን ቆመች። እሱም ጠዋት ጠዋት በአጠገቧ ሲያልፍ ፊቱን ወደ አጥሩ ያዞር ጀመር።

ነገሩን ለወንድሙ ሚስት ያነሳሁላት እኔ ነኝ። በማግስቱ የተሰበረውን መያዣ ልትወስድ መጣች፤ ማን እንደላካት አልጠየቅኳትም። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ታላቅ ወንድሙ ራሱ በራችንን አንኳኳ። በፌስታል ከወፍራም ብረት ቆርጦ የሠራው መያዣ ይዟል።

"አሰላሙ አለይኩም። ሸራውን ግለጥ" አለ ለወንድሙ፣ በአማርኛ።

ባሌ ሄዶ ሸራውን ገለጠ።

ሲሠሩ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ታላቁ አዲሱን መያዣ ሲገጥም እያየ አይመስልም፤ የብሎኖቹን ቀዳዳ በጣቱ እየዳሰሰ ያገኛቸዋል። እጁ ሥር ያለውን መፍቻ ፈልጎ ራሱን ሙሉ በሙሉ ያዞራል። በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ "እህቴ፣ የስልክሽን መብራት አብሪልኝ፤ ጠጋ አድርጊው" አለኝ። የልማድ ነገር ነው ብዬ አበራሁለት።

አንዱ ቀዳዳ በጥቂቱ አልገጥም አለ። ባሌ ሞረድ አንስቶ ማስፋት ጀመረ፤ ወንድሙ ብረቱን ያዘለት።

"አቦ፣ ቀስ በል። ዛሬም እንደዚያን ጊዜ እንዳታበላሽ።"

"የቱን ጊዜ?"

"የደንበኛውን ብሎን ዘይት በርሜል ውስጥ የጣልከውን። እስከ ክርንህ ገብተህ ስትፈልገው አባባ አላዩህም?"

ባሌ ሳቀ። ሁለቱ አብረው ሲስቁ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሰማሁ አላውቅም። አማርኛቸው የጋራዥ አማርኛ ነው፣ ፈጣንና ስድብ የተቀላቀለበት፤ የሚናገሩት እነሱ ሳይሆኑ ያኔ የነበሩት ልጆች ይመስሉ ነበር። ባሌ ከሞረዱ ቀና ሳይል፣

"ጋራዡ ግድግዳ ላይ የለጠፍካት የስፖርት መኪና ሥዕል ትዝ ትልሃለች?" አለው።

"ከካላንደር ላይ የቀደድኳት? አባባ ሥራ ታስፈታለች ብለው አነሷት'ኮ።"

"እሷን እያሰብኩ ነው ይቺን የገዛኋት።"

ታላቁ እጁን ከብረቱ ላይ አላነሳም። "ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርህ አፌን ስከፍት፣ ሀርጌሳ ምን ልትሠራ መጣች አልከኝ።"

መያዣው ገባ፤ ዲናሞው ቦታውን ያዘ፤ ቺንጋውን ወጥረው ብሎኖቹን አጠበቁ። ባሌ ሞተሩን ሲያስነሳ ቀዩ መብራት ጠፋ። ጩኸት የለም። ወንድሙ መዳፉን መያዣው ላይ አሳርፎ ንዝረቱን ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣

"እስቲ ቁልፉን ስጠኝ። አስፋልቱ ድረስ ነድቻት ልመለስ" አለ።

"ዛሬ ይቅር። ብሎኖቹ ቦታቸውን ይያዙና ደግመን እናጥብቃቸው። በሚመጣው ጁምዓ በርበራ መንገድ ላይ እንወጣለን፤ አንተ ነህ የምትነዳት።"

"አጭር መንገድ ነው የጠየቅኩህ።"

"አውቃለሁ። ግን ድጋሚ ቢሰበር ልፋትህ ነው። አንድ ሳምንት ታገሠኝ።"

አስተያየቱ ትክክል ነበር፤ ክፋትም የለበትም። ወንድሙ "ኢንሻአላህ" አለና ለዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወደ ቧንቧው ሄደ።

በተባለው ጁምዓ ዝናብ ጣለ፤ ደረቁ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ዘጋ። ከዚያ ባሌ ወደብ ላይ ዕቃ ተይዞበት በርበራና ሀርጌሳ ሲመላለስ ሰነበተ፤ የሚሄደውም በመሥሪያ ቤቱ መኪና ነበር። ከዚያ ረመዳን ገባ። ከዒድ በኋላ ይሁን ተባለ። ወንድሙ ዳግመኛ ቁልፉን አልጠየቀም፤ እኛም ሥራ በዝቶበት ነው ብለን ተውነው።

የዒድ ዕለት ቤታቸው ሄድን። ሻይ ሲቀርብለት እጁ ብርጭቆውን አልፎ ሄደና ደፋው። ልጆቹ አልደነገጡም፤ አንዷ ተነስታ በዝምታ ጠረገችው። የለመዱት ነገር መሆኑን ያኔ አወቅሁ። ሚስቱን ተከትዬ ወጥ ቤት ገባሁ።

"ዓይኑን ነው። ግላኮማ ነው አሉን" አለችኝ። "ከጎንና ከጎን አያይም፤ መሐሉ ብቻ እንደ ቀዳዳ ቀርቶለታል። እሱም እየጠበበ ነው። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየው ነው የሚሉት። መኪና እንዳትነዳ ካሉት ቆይቷል። ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ አስምሎኝ ነው።"

"የኛን መኪና ሲሠራ ያውቅ ነበር?"

"ያውቃል እንጂ። ከዚያ በኋላ በእጁ የሠራው ነገር የለም።"

ወደ ቤት ለመመለስ መኪናዋ ውስጥ ገብተን ይህን ስነግረው ባሌ ቁልፉን ከቶ ሳያዞረው ቀረ። ብዙ ቆይቶ፣ "ባውቅ ኖሮ ቁልፉን አልሰጠውም ነበር" አለ። "ሳላውቅ ነበር መስጠት የነበረብኝ።"

ቁልፉን የጠየቀ ዕለት በሰፈራችን መንገድ ላይ የነበሩትን ልጆች፣ ከየማዕዘኑ ብቅ የሚሉትን ባጃጆች አሰብኩ። አላህ ነው የጠበቀን አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው፤ ግን እሱንም እኔንም አላጽናናንም። ወንድሙ ለመጨረሻ ጊዜ መንዳት እየጠየቀ እንደነበር አሁን ነው የገባን፤ የጠየቀውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባሌ ወንድሙን ይዞ ከከተማ ወጣ። እኔ ከኋላ ጠባቧ ወንበር ላይ ተጣጥፌ ተቀምጬ ነበር። ሰውም ግመልም የሌለበት ሜዳ ላይ ሲደርስ አቆመና ወርዶ የወንድሙን በር ከፈተለት።

"ና፣ መሪውን ያዝ። እኔ አጠገብህ ነኝ። የሚመታ ነገር የለም።"

ታላቁ ከወንበሩ አልተነሳም። "ተው፣ ወንድሜ" አለ በለሰለሰ ድምፅ። "ሰው አዝኖልኝ እየጠበቀኝ ብነዳ መንዳት አይሆንም። ያኔ አስፋልቱ ድረስ ብቻ ፈልጌ ነበር። አሁን አልፈልግም። ዝጋውና እንሂድ።"

ባሌ በሩን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ ዘጋው። ቁልቁል ወደ በርበራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ጥቂት ነዳ። ተራራውን፣ የጭነት መኪናዎቹን፣ የሰማዩን መልክ እየዘረዘረ ሲነግረው ወንድሙ፣ "ወሬውን ቀንስና ማርሽ ቀይር፤ ሞተሩ ከብዶታል" አለው። ለመሳቅ ሞከርን።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነዳችም። ባሌ ሲቀመጥባት ይከብደዋል፤ አይነግረኝም እንጂ ይታወቀኛል። በመጨረሻ ከቡርዖ ከተማ የመጣ ሰው ገዝቶ ወሰዳት። ባሌ ኮፈኑን ከፍቶ፣ "ይሄን መያዣ ወንድሜ ነው የሠራው፤ ከፋብሪካው ይጠነክራል" ብሎ በጣቱ አሳየው። ሰውየው አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና እሺ አለ፤ ቀጥሎ የጠየቀው ስለ ጎማዎቹ ነበር።