ከጉንጯ በታች ያለው ጥላ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። እናንተ ስሙኝና ፍረዱ።

ስቶክሆልም ውስጥ ድሮ የታተሙ ምስሎች በሚቀመጡበት አንድ ክፍል ወረቀት አጸዳለሁ። ጋሼ መኮንን ለትምህርት መጥተው እዚሁ ያረጁ ምሁር ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ከከተማው ዳር ካለው ሰፈራቸው ከዩልስታ በባቡር እየመጡ የአሥራ ስምንተኛውን ክፍለ ዘመን የመኳንንት ምስሎች በነጻ ይመዘግቡልን ነበር። ያቺ ክፍል ነፍሳቸው ነበረች።

መዳብ ላይ በመስመር ተቀርጾ የታተመ ምስል እድፉ እንዲለቅ በዳቦ ፍርፋሪ ቢታሽ ምንም አይሆንም። ሜዞቲንት የሚሉት ግን ሌላ ነው። መዳቡን በጥርሳም ብረት ሙሉ ለሙሉ ያሻክሩትና ብርሃን የሚፈልጉበትን ቦታ ብቻ ፍቀው ያለሰልሱታል። ጥቁሩ ቀለም ወረቀቱ ላይ እንደ ከፈይ ይተኛል፤ ጣት እንኳ ያነሳዋል። ይህን ለአዳዲሶቹ የማስተምረው እኔ ነኝ! አንድ ቀን ግን ፊካ የሚሉት የቡና ሰዓት ደርሶ ቡናው እንዳያመልጠኝ ተጣድፌ፣ ሳላስተውል የአንዲትን ወይዘሮ ሜዞቲንት በዳቦ አሸሁት። ከጉንጯ በታች ያለው ጥላ ተነሳ። እኔ አሸሁት። እኔ። ወደ ማህደሩ መለስኩና ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጋሼ መኮንን አዩት፤ ራሳቸው ሄደው ለአለቃችን ነገሩ። ጥርጣሬው ግን እሳቸው ላይ አረፈ። ያጠፋ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ይህን የጠየቀ የለም። ስዊድኖቹ አይጮሁም፤ ፈገግ ይሉና መሳቢያ ይቆልፋሉ። ሁለት ሰው ባንሾካሾከ ቁጥር እኔን የሚያሙ ይመስለኝ ጀመር። አለቃችን ለብቻዬ ጠርታ ስትጠይቀኝ ምን አልኩ? «የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል» አልኩ። እጃቸውማ ይንቀጠቀጣል፤ እውነት ይዤ ነው የዋሸሁት። የመግቢያ ካርዳቸውን ተቀበለቻቸው።

ከወር በኋላ ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል።

«እኔ እሆን እንዴ ልጄ? ሳላውቀው ነክቼው ይሆን?» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

አውቀው እየፈተኑኝ ነበር? እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ምን ያለሁ ጉደኛ ነኝ! እኔው በድዬ እሳቸውን እጠረጥራለሁ።

«ይሆናል ጋሼ፤ እርጅና ነው፣ አይዘኑ» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «አንቺ እንኳ እውነቱን ነገርሽኝ።»

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ያመሰግኑኛል።