ይታይሽና የተከደነው እሳት

አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ከሰል የሚያከስል ሰው ክምሩን አንዴ በአፈር ከደፈነ በኋላ አይከፍተውም። ከከፈተው አየር ይገባል፤ አየር ከገባ የአራት ዓመት ዛፍ አመድ ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ከውጭ ቆሞ ጭሱን ያነባል። በዚህ ደግሞ ከአዲስ ቅዳም እስከ እንጅባራ ይታይሽን የሚስተካከል አልነበረም። ጭሱ ነጭና ወፍራም ሲሆን «ገና ውኃው እየወጣ ነው፤ ተዉት» ትላለች። ሲሳሳና ወደ ሰማያዊ ሲያደላ «እዚህ ጋ ደርሷል፤ አፈር ጨምሩበት» ትላለች። ባሏ ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ኖራለች፤ የሰው ክምር ሲያስቸግርም የምትጠራው እሷ ናት። እሳት የላጠው እጅ ይዞ ለሚመጣ ጎረቤትም ከጓሮዋ ቅጠል ቆርጣ፣ ወቅጣ ትለጥፍለታለች።

ደም ማየት ካቆመች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደሙ ተመለሰ። ለማንም አልተናገረችም። የውጩን ቃጠሎ የሚያድን የውስጡንም አያቅተውም ብላ ያንኑ የጓሮ ቅጠል ወቀጠች፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ውስጧ አስገባችው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አደረገች። ደሙ አልቆመም፤ ሽታ ተጨመረበት። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ምክንያት እየፈጠሩ ፈቀቅ ፈቀቅ ሲሉ አየች። ሰኞ እንጅባራ ጤና ጣቢያ ወረደች።

ሲስተር ፀደይ የምትባል ነርስ መረመረቻትና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈችላት። እዚያ ናሙና ተወሰደ፤ የማህፀን በር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ በጓንት እጁ ሲዳስሳት በግራ በኩል ወፍሮና ጠንክሮ አገኘው።

«ከማህፀን በር አልፎ ወደ ጎን ተሻግሯል» አላት። «ባይሻገር ኖሮ በቀዶ ጥገና እናወጣው ነበር። አሁን በጨረር ነው የሚታከሙት። የጨረሩ ወረፋ ግን ከዓመት በላይ ነው። እስከዚያ ቤትዎ ሆነው ይጠብቁ።»

«መሻገሩን በምን አየኸው?»

«በእጄ ዳሰስኩት፣ እናቴ።»

«እኛ አገር ክምር በእጁ ዳስሶ እሳቱ የት እንደደረሰ የሚናገር ሰው ሥራ አያገኝም» አለችው።

ሐኪሙ ሳይፈልግ ሳቀ። አልተቆጣም። አዲስ አበባ ኤምአርአይ የሚባል መሣሪያ እንዳለ፣ ሰውን ሳይከፍት ውስጡን እንደሚያሳይ ነገራት። «ብዙም የሚለውጠው ነገር ያለ አይመስለኝም» እያለ ወረቀቱን ጻፈላት።

ታናሽ ወንድሟ ሽባባው ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ለጎረቤት ሁሉ «ሆዷን አሟት ነው» ሲል የከረመ ሰው ነው። እሷ ግን በማግስቱ ለምርመራው ገንዘብ እንዲሆናት፣ ከማሳዋ ዳር ለከሰል የተከለችውን የዲከረንስ ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎች ጠርታ ነበር።

«እትዬ፣ ዛፉ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ዓመት ቢጨመርለት ምን አለበት?»

«ዓመት ቢጨመርለት ማን ያከስለዋል?»

«ሐኪሙ እኮ ተናግሯል። አገር ላገር ከመንከራተት ቤትሽ አርፈሽ…»

«ቤቴ አርፌ ምኑን ነው የምጠብቀው? ልቅሶ ለመቀመጥ ከሆነ አንተ ቀድመህ ተቀመጥ፤ እኔ መንገድ አለብኝ።»

ሽባባው መጥረቢያውን አንሥቶ ከቆራጮቹ ጋር ገባ። በሳምንቱም አብሯት አውቶቡስ ተሳፈረ። አባይ በረሃ ሳይደርሱ ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት «ምናቸውን ነው የሚያማቸው?» ብላ ጠየቀችው።

«ሆዷን ነው።»

«ማህፀኔን ነው» አለች ይታይሽ። «ሆዴማ ደህና ነው፤ እንዲያውም ርቦኛል።»

ሴትዮዋ ከዘምቢሏ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት።

አዲስ አበባ፣ የምርመራው ቦታ፣ ዶክተር ሙደሲር የሚባል ወጣት ሐኪም ሁለቱን አስቀምጦ ከቅጽ ላይ እያነበበ ይታይሽን ጠየቃት። ሰውነቷ ውስጥ ብረት የለም። ቀለበት አውልቃለች። አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት አየና፣ «ይሄ በምን የተነቀሰ ነው?» አላት።

«በጥላሸት። እኔ ላይ በጥላሸት ያልሆነ ምን አለ?»

ፈገግ ብሎ ጻፈ። ቀጠለና፣ «ሐኪም ከማየትዎ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ያደረጉት ነገር አለ? መድኃኒት፣ ቅጠል የመሰለ?» አለ።

ይታይሽ ወለሉን አየች። ቅጠሉን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሽባባው ነገሩ ገባው መሰለ፤ ጠጋ ብሎ በአዊኛ «ተይው፣ ሰው ፊት አታዋርጂን» አላት። እሷም በአዊኛ ልትመልስለት ነበር። ተወችው። ሐኪሙ እንዲሰማ በአማርኛ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ ተናገረች።

«አለ። ለቃጠሎ የምንለጥፈውን ቅጠል ወቅጬ ማህፀኔ ውስጥ አስገብቻለሁ። ሦስት ሳምንት። ሲያቃጥለኝ እያዳነኝ መስሎኝ ነበር።»

ሽባባው ጫማውን እያየ ቀረ። ዶክተር ሙደሲር እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይህን ለላከዎት ሐኪም ነግረውታል?»

«አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም ያኔ አልነግረውም ነበር።»

«እንኳን ነገሩኝ» አላት። «ቅጠሉ ሥጋውን አቁስሎት ይሆናል። ያበጠ ሥጋ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ዕጢ ይጠነክራል። በተለመደው ፎቶም ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ሌላ ዓይነት ፎቶ ግን አለን፤ እሱ የሚከተለው ውኃን ነው።»

«የምን ውኃ?»

«ሥጋ ውስጥ ያለውን። ደህና ሥጋ ውስጥ፣ ያበጠም ቢሆን፣ ውኃው እንደልቡ ይላወሳል። ካንሰሩ ያለበት ቦታ ግን ህዋሶቹ ተጨናንቀዋል፤ ውኃው መተላለፊያ ያጣል። መሣሪያው ውኃው የታፈነበትን ቦታ አብርቶ ያሳየናል።»

ይታይሽ አሰበችበት። «ደህናው ሥጋ ሰኞ ሰው የሌለበት የገበያ ሜዳ ነው፤ ካንሰሩ ቅዳሜ ገበያ ነው በለኛ።»

«ልክ እንደዚያ ነው» አለ፤ ይህን አባባል ለሌላ ታካሚ እንደሚጠቀምበትም ነገራት።

ጠባቡ ቱቦ ውስጥ በጀርባዋ ሲያስገቧት ጣሪያው ለአፍንጫዋ ቀረበ። እንዳትነቃነቅ፣ ከጨነቃት እጇ ላይ ያለችውን የጎማ ኳስ እንድትጨብጥ ነገሯት። መሣሪያው መጀመሪያ እንደ ወፍጮ ጮኸ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮ እንደሚቀጠቅጥ ሰው ሆነ። ሦስት ጊዜ ኳሷን ልትጨብጥ ነበር። ዛሬ እንጨቱ እኔ ነኝ አለች በልቧ፤ የተከደንኩት እኔ፤ ጭሴን የሚያነብ ሰው ደግሞ ውጭ ቆሟል። እኔ ብከፈት አመድ ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲያወጧት ኳሷ እንደነበረች መዳፏ ላይ ነበረች።

በማግስቱ ዶክተር ሙደሲር ሁለቱንም ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣቸው። ምስሉ ግራጫና ጥቁር ነው። መሀሉ ላይ አንዲት ነጭ ነገር፣ በአመድ ውስጥ እንደቀረች ፍም፣ ታበራለች።

«እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ግራውስ?»

በጣቱ አሳያት። ግራው ወፍሯል፤ ግን አያበራም። ሌላ ምስል ከፈተ፤ በዚህኛው ውኃ የታፈነበት ቦታ የሚታየው ጥቁር ሆኖ ነው፤ ፍሟ ጠቆረች፣ ግራው እንደነበረ ፈዘዝ ብሎ ቆየ። «ሁለቱ ምስሎች ሲስማሙ ነው የምናምነው» አላት።

ይታይሽ ጎንበስ ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። «አፈሩ አልተበሳማ» አለች።

ሐኪሙ ግራ ገባው። ሽባባው ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለና ተረጎመለት። «እሳቱ ከክምሩ አልወጣም ማለቷ ነው፣ ዶክተር።»

«ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ነኝ አልልም። እኔ የማየው ግን አልተሻገረም።»

ሲመለሱ፣ ወደ አዲስ አበባ የላካት ሐኪም ምስሉንና ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበ። ለቁስለቱ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ሌላ ሐኪም ጨምሮ እንደገና መረመራት፤ ግራው ለስልሶ ነበር። «እኔ ተሳስቼ ነበር» አላት። በሦስተኛው ሳምንት ማህፀኗ በቀዶ ጥገና ወጣ። ከወጣው ሥጋ ዳርና ዳር ካንሰር አልተገኘም። በየሦስት ወሩ እየመጣች እንድትታይ ቀጠሮ ተሰጣት፤ ቀጠሮውን ሽባባው በኪሱ ያዘ።

ወደ አዲስ ቅዳም ከተመለሰች በኋላ ከባድ ማንሣት ተከለከለች። አንዳንዱ «ባዶ ሆና ተመለሰች» አለ፤ እሷም ሰምታለች። ክምር ዳር በርጩማ አስወጥታ ተቀምጣ፣ በአፏ ብቻ ታሠራ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ እናትነሽ የምትባል ጎረቤቷ ወደ ጓሮዋ መጣች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ «ያንን ቅጠል ትንሽ ቁረጭልኝ፤ እጄን አቃጥሎኝ» አለች።

«አሳዪኝ።»

«ቀላል ነው፣ ግድ የለም።»

«እጅሽን አሳዪኝ፣ እናትነሽ።»

እናትነሽ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። አንድም የተቃጠለ ቦታ የለባቸውም። ይታይሽ አንዱን እጅ ያዘች፤ አልለቀቀችውም። በሌላ እጇ የራሷን ነጠላ ከችንካር ላይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ ጣለች።

«የት ነው የምትወስጂኝ?»

«ሲስተር ፀደይ ዘንድ።»

«ኧረ ቀስ በይ። ሰው ምን ይላል?»

«ማህፀን ይላል። ቃሉን ይልመደው።»

መናኸሪያው ላይ ረዳቱ «እንጅባራ፣ እንጅባራ» እያለ ይጣራል። «ሁለት ሰው ነን» አለችው ይታይሽ፤ «ጤና ጣቢያው በር ላይ ታወርደናለህ።»