ከእኔ እጅ የወጣ ወረቀት

አምቦ ውስጥ አንድ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ የገዛ እጅ ጽሑፌን ሳየው መጀመሪያ ደስ አለኝ። በዚያች ደስታ እስከዛሬ ራሴን እረግማለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከጊንጪ በላይ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። አንድ ማዕድን አውጪ ድርጅት ከኮረብታችን ሥር ዋሻ ሊቆፍር ነው ተባለና ገበሬው ለስብሰባ ተጠራ። ከድርጅቱ ከመጡት ሰዎች አንዱ «ቲቸር፣ አቴንዳንስ ያዝልን» አለኝ። በማስመሪያ አሰመርኩ፤ ከላይ «በስብሰባው የተገኙ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስም በስም ዘረዘርኩ። እኛ ጋ ስብሰባ ያለ ፊርማ አይበተንም። የማዳበሪያም ይሁን የክትባት፣ ሰው አዳምጦ፣ ፈርሞ ይሄዳል። መፈረም ማለት ነበርኩ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

አባቴ ግን ተራው ሲደርስ አመነታ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ኢልማ ኮ?» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው።

«መምጣትህን ነው፣ አባ። ሌላ ምንም የለውም።»

ቀለሙን የያዝኩለት እኔ ነኝ። አውራ ጣቱን በስሙ ትይዩ አሳረፈ።

ቁፋሮው በተጀመረ በዓመቱ የአባቴ ምንጭ መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ከዚያ ቀጠነ፣ ከዚያ ቀረ። ድንቹ የሚጠጣው፣ የጎረቤቱ ከብት ሁሉ የሚወርድበት ምንጭ ነበር። አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር በፌስታል ጠቅልለን አምቦ ማዕድን ቢሮ ሄድን። ኃላፊው በትሕትና ተቀበለን፤ ክፋቱም ያ ነው፣ የምትጮህበት ሰው አይሰጡህም። ፋይሉን ገልጦ አንድ ፎቶ ኮፒ አወጣ። የእኔ መስመር፣ የእኔ ጽሑፍ፣ የአባቴ ጣት። ከላይ የጻፍኩት ርዕስ ግን ተቆርጦ በምትኩ «የነዋሪዎች የስምምነት ሰነድ» የሚል በኮምፒውተር ተጽፎበታል።

«ይሄ የስብሰባ አቴንዳንስ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ጥሩ ነዋ፣ መምህር። ትክክለኛ መሆኑን ራስዎ መሰከሩ።»

አባቴ ደብተሩን ከፌስታሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ደብተሩ ላይ ችግር የለም፣ ኦቦ» አለ ኃላፊው። «መሬትዎን ማንም አልነካም። ፈቃዱ ለከርሰ ምድሩ ነው።»

«ምንጬ ከየት ነበር የሚመጣው?» አለው አባቴ። «ከሰማይ ነው?»

ሰውየው ስልኩን ማየት ጀመረ። በሕይወቴ ሰው ለመምታት እጄን የበላኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ አለመምታቴም እስካሁን ይቆጨኛል።

ወጥተን በር ላይ አንድ ጠበቃ አገኘን። ገበሬዎቹ ለስምምነት አልፈረምንም ብለው ራሳቸው በፊርማቸው ካላመለከቱ ፈቃዱ አይነካም አለን። አመሻሹ ላይ ቤት ደርሼ አቤቱታውን በኦሮምኛም በአማርኛም ጻፍኩ። ከዚህ በፊት እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ነገር የለም። በማግስቱ ወረቀቱንና ቀለሙን ይዤ በየቤቱ ዞርኩ። አንዱ ከብት እያገደ ነው፣ አንዷ ገበያ ወጥታለች፣ አንዱ ዓይኑን አሞታል። ፊት ለፊት እንቢ ያለኝ ሰው የለም። ገብቶኛል፤ እኔም ብሆን ለእኔ አልፈርምም ነበር።

መጨረሻ አባቴ ጋ ሄድኩ። የደረቀው ምንጭ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አቤቱታውን ከላይ እስከታች አነበብኩለት፤ በጥሞና አዳመጠኝ።

«ደህና አድርገህ ጽፈኸዋል» አለ።

የቀለሙን ክዳን ከፈትኩለት። እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

«በሌላ ሰው እጅ አስጽፈውና አምጣልኝ» አለኝ።