በእንዶድ የታጠበው አምስት ብር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢ ላሊበላ ቤቴ ድረስ መጥቶ አልበሜን አገላበጠ። በድሮ ዘመን አንድ የግል ባንክ ያሳተማቸውን ኖቶች እየገመተ ሄዶ፣ አጋዘን የተሳለበት አምስት ብር ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደ። “ይሄ ታጥቧል ጋሼ፣ ዋጋ የለውም” አለኝ። አልተከራከርኩትም።

ኖቱ እጄ በገባበት ጊዜ ፍላቂት ከተማ የማስተምር ወንደላጤ ነበርኩ፤ ከደመወዜ የምትተርፈኝን ለአሮጌ ወረቀት የማወጣ ሞኝ ቢጤ። ገበያው ዳር የሚኖሩት እማማ ደብሬ ከአባታቸው የወረሱት ኖት እንዳላቸው ሰምቼ ሄድኩ። ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶት ነበር። ኖቱን ከሳጥን አውጥተው አሳዩኝ፤ እጥፋት እንኳ የለውም። አዲስ አበባ የማውቀው ገዢ ወልድያ ሄደው ዓይናቸውን ለመታከም የሚበቃቸውን ገንዘብ እንደሚከፍል ነገርኳቸውና ለቅዳሜ ተቀጣጠርን።

ወሩ መስከረም ነው። ቅዳሜ ስደርስ የገብስ እሸት ጠብሰው አቀረቡልኝ፤ ኖቱንም ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ሰጡኝ።

“ሰው እጅ የሚገባ ነገር እድፍ ይዞ አይሄድም ብዬ በእንዶድ አጠብሁት” አሉ። “ነጣ?”

አጋዘኑ የለም። የቀንዱ ጫፍ ብቻ ደብዝዞ ይታያል። እንዳይነኩት አለማስጠንቀቄ የኔ ጥፋት ነው።

“ነጣ እማማ” አልኳቸው። አልጋ ልገዛበት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በሳምንቱ አምጥቼ፣ ገዢው የላከው ነው ብዬ ሰጠኋቸው።

ታክመው ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጡ። አሁን ዓይናቸው ስለበራ፣ ገዢው ዘንድ ያለውን ያን ብር አንዴ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። መዋሸት አቅቶኝ ኖቱን ያስቀመጥኩበትን አልበም ከፈትኩ። አገላብጠው አዩት።

“ይኼንንማ የሚገዛ የለም” አሉ በመጨረሻ። “ምነው ብትነግረኝ ልጄ? ለምኜህ ነበር?”

ደግ ሠራሁ ብዬ ስኩራራ፣ ለካ አሳፍሬያቸው ኖሯል። ንግግራቸው ዛሬም ያመኛል።

ከዚያ ወዲያ እስኪያርፉ ድረስ፣ አዲስ ገብስ በገባ ቁጥር አንድ ቁና ይልኩልኝ ነበር፤ ላሊበላ ከተዛወርኩ በኋላም በሚኒባስ። ከሌላቸው ላይ ምን ብዬ እወስዳለሁ ብዬ ልመልሰው ከጅሎኝ ነበር። ተውኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ገንዘቡን ከመስጠት ይልቅ ገብሱን መቀበል ከበደኝ። ግን ገብሱን መቀበል ከጀመርኩ በኋላ፣ ፍላቂት መንገድ ላይ ስንገናኝ እማማ ደብሬ በዳነው ዓይናቸው ቀና ብለው ያዩኝ ነበር። በዕድሜዬ ለሰው ካደረግኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ ያን ገብስ አለመመለሴ ነው።