በጽሞና ሳምንት የመጣ መርዶ

አቻምየለሽ መርዶዋን የሰማችው በጠራራ ፀሐይ፣ የእንግዳ አንሶላ ስታሰጣ ነው። በአገሩ ወግ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ። ለእርሷ ግን የባሏ ወንድም በስልክ ነገራት። ባሏ ደረሰ ታሞ በተኛበት ባሕር ዳር ሐኪም ቤት አርፏል። መንገድ ስለተዘጋ እዚያው ቀብረውታል።

«እሺ» አለች። ስልኩን ጉያዋ ከተተችና የቀሩትን አንሶላዎች አሰጣች።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው አሮጌ የካቶሊክ ገዳም የእንግዳ ቤቱን የምትይዘው እርሷ ናት። የሽንዲ ልጅ ናት። ደረሰ የገዳሙን ንብ እንዲጠብቅ ሲቀጠር አብራው መጣች። እሑድ እሑድ ወደ ራሷ የተዋሕዶ ደብር ትሄዳለች፤ መነኮሳቱ አንድም ቀን ለምን ብለዋት አያውቁም። ለጸሎት የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ ወጥታ ትቀበላለች፤ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ከሆነም እግሩን ታጥባለች።

በዚያ ሳምንት ከፍኖተ ሰላም የመጡ መምህራንና ነርሶች ጽሞና ገብተው ነበር። ጽሞና የገባ ሰው እስኪወጣ ድረስ አይናገርም። ሐዘኗን ካወጣችው ቀዬው እየጮኸ ይመጣል፤ ጽሞናው ይፈርሳል። እንግዶቹ እስኪሄዱ ልትይዘው ወሰነች። ሽሮ ሠራች። ወለል ጠረገች። እጇ ይሠራል፤ ሌላው አካሏ የት እንዳለ አታውቅም። የከነከናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲህ ይዛው ከቆየች ደረሰ ለቅሶ የሚቀመጥለት ሰው ሳያገኝ ሊቀር ነው።

በማግስቱ ሳቢሃ ሽንኩርት በጋሪ ይዛ መጣች። የቡሬ ገበያ ነጋዴ ናት፤ ከበሩ ጀምሮ እየጮኸች ነው የምትገባው። ያን ቀን ግን አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ከግቢው ወይራ ሥር ሰዎች ነጠላ ተከናንበው፣ አንገት ደፍተው ተቀምጠዋል። ጫማዋን አውልቃ ከዳር ተቀመጠች።

«አላህ ያጽናችሁ» አለች።

አንዲት ነርስ ሳቋ እንዳያመልጣት ነጠላዋን ነከሰች። አቻምየለሽ ሳቢሃን ጎትታ ማድ ቤት አስገባቻት።

«ጽሞና ነው እኮ፣ አንቺ! ሳይናገሩ የሚጸለይ ነው።»

«ኧረ ጉድ! አፍ እያለው ዝም የሚል ሰው ዛሬ አየሁ። እኔማ ሰው የሞተባችሁ መስሎኝ ሽንኩርቱን በነፃ ልተውላችሁ ነበር።»

አቻምየለሽ ድንች መላጥ ጀመረች። «ሞቷል» አለች።

«ማን?»

«ደረሰ። ትናንት በስልክ ተነገረኝ።»

«ብቻሽን?»

«አንሶላ ሳሰጣ።»

«አላለቀስሽም?»

«አልመጣልኝም።»

ሳቢሃ ቢላዋውን ከእጇ ተቀብላ እርሷን መሬት ላይ አስቀመጠቻት። «በእኛ ዘንድ ጩኸት አይወደድም። ሼኹ ከሰሙ መልሱን አንቺ ትሰጫለሽ» አለችና እሪ አለች።

ጽሞናውን የሚመሩት አባ ምስክር ዝም ሊያሰኙ እየተጣደፉ መጡ።

«አባ፣ ደረሰ አርፏል» አለቻቸው ሳቢሃ። «ሐዘንተኛዋ ደግሞ ድንች ትልጥልዎታለች።»

አባ ከምድጃው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንግዶቹም አንድ በአንድ እየገቡ ተቀመጡ፤ ቤቱ ሲሞላ የቀሩት ደጁን ያዙ። ጽሞናቸውን አላፈረሱም። የምታለቅሰው ሳቢሃ ብቻ ናት። አቻምየለሽ በመካከላቸው ሆና ወለሉን ታያለች። እንባዋ አሁንም አልመጣም።

ጩኸቱን የሰሙ የቀዬው ሴቶች ዳገቱን ሲወጡ ታዩ። አቻምየለሽ እንደ ልማዷ ልትቀበል ብድግ አለች። ሳቢሃ በቀሚሷ ጫፍ ያዘቻት።

«ቁጭ በይ። የመጡት ለአንቺ ነው።»

ተቀመጠች።